በኩሽና የተማሩት ዐረብኛ ዋጋ

ቋንቋ መማር በገንዘብ ያዋጣል ወይ የሚለው ጥያቄ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ቻይንኛ ወይም ጃፓንኛ በዩኒቨርሲቲ ለሚያጠኑ ነው። የቤይሩት ዳርቻ ሰፈሮች የቅርብ ዘመን ታሪክ ግን ለጥያቄው ከዲግሪ የራቀ መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ1975 የተቀሰቀሰው የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት በ1990 ካበቃ በኋላ፣ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሊባኖስ በብዛት መግባት ጀመሩ። ዐረብኛውን የተማሩት ኩሽና ውስጥ፣ ሕፃን አቅፈው፣ አሮጊት እያስታመሙ ነው። ያ ዕውቀት ለአሠሪው ቤት በየቀኑ ጥቅም ይሰጥ ነበር፤ ደመወዙን የሚወስነው ግን ፓስፖርት ነበር። የፊሊፒንስ መንግሥት በ2006 በውጭ አገር ለሚሠሩ የቤት ሠራተኞቹ በወር 400 ዶላር ዝቅተኛ ደመወዝ ሲደነግግ፣ ኢትዮጵያውያኑ ከዚያ እጅግ ያነሰ ይከፈላቸው ነበር።

ልዩነቱ ፊሊፒናውያኑ የሚናገሩት የእንግሊዝኛ ዋጋ ነው የሚል ይኖራል። እውነትነት አለው፤ ልጆቻቸው እንግሊዝኛ እንዲለምዱ የሚሹ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ነገር ግን ቋንቋ ብቻውን ዋጋ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ፣ የቤቱን ቋንቋ አቀላጥፋ የምትናገር ሴት ከአዲስ መጪዋ በደመወዝ ብዙ በበለጠች ነበር። ያላስቻላት ሕግ ነው፦ የ1946ቱ የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ 7ኛ አንቀጽ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል፤ ከፋላ የሚባለው የስፖንሰርነት ሥርዓትም ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ችሎታዋን ይዛ የተሻለ ወደሚከፍል ቤት እንዳትሄድ አስሯታል። በሰዓት እየሠሩ የራሳቸውን ክፍል የተከራዩት የተሻለ ገቢ ያገኙ ነበር፤ ብዙዎቹ ግን በምትኩ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን አጥተዋል።