አይጠየፍ፤ ስለ ትዕቢት መለያና ስለ ፈውሱ

ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ካሠሯቸው ሕንፃዎች መካከል ስሙ እስከ ዛሬ ከአገሩ ሰው አፍ ያልተለየው አይጠየፍ የሚባለው የግብር አዳራሽ ነው። እንዲህ የተባለበትን ምክንያት ሽማግሎች ሲናገሩ፥ ባለጠጋውንና ድኻውን፥ ባለማዕርጉንና ተራውን ባላገር ሳይንቅ ሁሉን ተቀብሎ ያበላ ስለ ነበረ ነው ይላሉ። አዳራሽ በስፋቱ ወይም በጌጡ፥ ይልቁንም በባለቤቱ ስም መጠራት ልማዱ ሆኖ ሳለ፥ ይህ ግን በማያደርገው ነገር፥ ይኸውም ባለመጠየፉ መሰየሙ፥ ስለ ትዕቢት ለሚመረምር ሰው ከብዙ መጻሕፍት ያላነሰ ትምህርት የያዘ ሆኖ አገኘሁት። በዚህ መጣጥፍ ላስረዳ የምሻውም ነገር ከዚሁ ስም የሚነሣ ነው፤ ትዕቢት ባለቤቱ በመስተዋት ሲያየው አይታየውም፥ በሚጠየፈው ሰው ግን ይታወቃል፤ ፈውሱም ከዚያው ከሚጠየፉት ሰው አጠገብ በመቀመጥ ይጀመራል።

ነገሩን ከቃሉ እንጀምር። ትዕቢት ዐብየ፥ ማለት ትልቅ ሆነ፥ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፥ ትሕትና ደግሞ ታሕት፥ ማለት በታች፥ ከሚለው ቃል ጋራ በአንድ ሥር የተያያዘ ነው። እንግዲህ የጥንት ሊቃውንት ደዌውንና መድኃኒቱን የሰየሙባቸው ቃላት የልክና የስፍራ ቃላት ናቸው፤ ትዕቢተኛ ከልኩ በላይ የሚሰፋ፥ ትሑትም ስፍራውን ዐውቆ የሚቀመጥ ሰው ነው። ዐማርኛችን በዚህ ላይ ኩራት የሚል ቃል አለው፥ እርሱም ሁለት መልክ ይዟል፤ ሰው በአገሩ ኮራ፥ በልጁ ኮራ ሲባል ምስጋና ያዘለ ደስታ ነው፤ ኮራብን ሲባል ግን ክስ ነው። ሁለቱን የምትለያቸው ያቺ በቃሉ ጫፍ ላይ ያለችው «ብን» ናት። ደስታው በሌላ ሰው ላይ ሸክም ሆኖ ሲወድቅ ኩራት ትዕቢት መሆኑን፥ ሰዋስው ሳይማር ቋንቋውን የፈጠረው ሕዝብ አስቀድሞ ዐውቆታል።

የኃጢአት ሁሉ መነሻ ትዕቢት እንደ ሆነ በቤተ ክርስቲያናችን ይነገራል፤ የሳጥናኤል ታሪክ አክሲማሮስ በተባለው መጽሐፍ እንደሚተረከው፥ መላእክት ተፈጥረው ፈጣሪያቸው ገና ባልተገለጠላቸው ጊዜ ሳጥናኤል ከበላዩ የሚቀመጥ ባለማየቱ ፈጣሪ እኔ ነኝ እስከ ማለት ደረሰ። መምህራን በዚህ ትረካ ውስጥ የሚያተኩሩት በድፍረቱ ታላቅነት ላይ ቢሆንም፥ እኔ ይበልጥ የማስተውለው የዐይኑን አቅጣጫ ነው፤ ወደ ላይ አይቶ ማንንም አጣ፥ ወደ ታች አይቶ ብዙዎችን አገኘ፥ ካሉት ሁሉ በላይ መሆኑንም ከዚህ ተነሥቶ ፈረደ። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሓ የኖረው ኤዋግሪስም መነኮሳትን የሚፈትኑትን ሐሳቦች ስምንት አድርጎ ሲቈጥር ከሆዳምነት ጀምሮ፥ ውዳሴ ከንቱንና ትዕቢትን ከመጨረሻው ያኖራቸው በከንቱ አይደለም፤ ሌሎቹ ከድካማችን ሲበቅሉ እነዚህ ሁለቱ ከድላችን ይበቅላሉና። በእኛም አገር ማር ይስሐቅን፥ ፊልክስዩስንና አረጋዊ መንፈሳዊን የያዘው የመጻሕፍተ መነኮሳት ጉባኤ ለደቀ መዛሙርቱ ሲያስጠነቅቅ የኖረው ይህንኑ ነው።

ታዲያ በጾምና በጸሎት፥ በምጽዋትና በስግደት ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖረውን ጠላት በምን ለይተን እንወቀው? በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የተነገረለት ፈሪሳዊ ይጾም ነበረ፥ ዐሥራት ያወጣ ነበረ፥ እንዲያውም ላደረገው ሁሉ እግዚአብሔርን ያመሰግን ነበረ፤ እስከዚህ ድረስ በጸሎቱ ላይ ነቀፋ የሚያገኝ መርማሪ ያለ አይመስለኝም። ነገሩ የተበላሸው ዐይኑ ወደ ቀራጩ ዘወር ባለ ጊዜ ነው። እንዲሁ እኛም ስብከት ስንሰማ፥ ይህ ለእገሌ በተነገረ፥ ብለን ካሰብን፥ ከአለቃ ሲሆን አመስግነን የምንቀበለውን ምክር ከዘበኛ አፍ ስንሰማው ከተቈጣን፥ ለትልቅ ሰው ከመቀመጫችን ተነሥተን ለቤት ሠራተኛችን ቀና ብለን ካላየን፥ ምልክቱ ተገኝቷል። ትሑት ነኝ ወይስ ትዕቢተኛ ብሎ ራስን መጠየቅ ብዙ አይረዳም፥ መላሹ ራሱ ተከሳሹ ነውና፤ ማንን እጠየፋለሁ ብሎ መጠየቅ ግን መልሱን ከነስሙ ያመጣል።

ከትዕቢት ሁሉ ለመታወቅ አስቸጋሪው እውነትን የያዘ ሰው ትዕቢት ነው፤ ለዚህም ከደሴ በስተ ሰሜን ብዙ ሳይርቅ ያለው ቦሩ ሜዳ ምስክር ይሆናል። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት ሊቃውንት በዚያ ተሰብስበው፥ ለብዙ ዘመን ቤተ ክርስቲያንን የከፈለው ክርክር ተመርምሮ የተዋሕዶ ትምህርት ጸና፥ የሦስት ልደትም ትምህርት ተወገዘ። በሃይማኖቱ ፍርድ በኩል ከጉባኤው ጋራ ነኝ። ነገር ግን በዚያው ጊዜ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ፤ ኢማም መሐመድ ዓሊም ዐፄ ዮሐንስን ክርስትና አባት አድርገው ሚካኤል ተባሉ፥ አይጠየፍንም ያሠሩት እኒሁ ናቸው፤ ከሕዝቡ ግን ብዙው ተሰደደ፥ ሌላውም እንደ ሼኽ ጦልሐ በአመፅ ተነሣ። እውነትን መያዝና በእውነት መታበይ ሁለት ነገር ነው። የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበ ጌታ አገልጋዮች በግዴታ ውኃ ሲያፈሱ፥ ጥምቀቱ የማን ክብር እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባቸው ነበረ፤ ይህን የምለው ያለፉትን ለመክሰስ ሳይሆን፥ የገዛ ቤቴ ሕመም ስለ ሆነ ነው።

ያ 1870 ዓ.ም. ሌላም ነገር አሳይቶናል። ከጉባኤው ሁለት ወር ቀደም ብሎ በመጋቢት፥ ንጉሥ ምኒልክ ልቼ ላይ እንደ አገሩ የይቅርታ ሥርዓት ድንጋይ ተሸክመው በእግራቸው ወደ ዐፄ ዮሐንስ ቀረቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ምሕረት ሰጧቸው፥ የሸዋ ንጉሥነታቸውንም አጸኑላቸው። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ፥ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት ድል ሆነው የተማረኩት ንጉሥ ሚካኤል፥ አዲስ አበባ ላይ በድል አድራጊዎቹ ሰልፍ ፊት በሰንሰለት ታስረው፥ እርሳቸውም ድንጋይ ተሸክመው አለፉ። የመጀመሪያው ከኃይል ሚዛን የነጻ ነበረ አልልም፤ ቢሆንም ሁለቱ ድንጋዮች አንድ አይደሉም። ራሱ ተሸክሞት የመጣ ሰው ድንጋይ ሲወርድለት ዕርቅ ይሆናል፤ በግድ የተጫነበት ሰው ድንጋይ ግን ውርደት ነው፥ ውርደትም ትዕቢትን ሲፈውስ አላየሁም፤ በተሸካሚው ልብ ቂም፥ በተመልካቹ ልብ እብሪት ሲያበቅል ግን አይቻለሁ። ልጁን በሰው ፊት እየሰደበ ትሕትና አስተምራለሁ የሚል አባት፥ ተማሪውን እያዋረደ ሥርዓት አስይዛለሁ የሚል መምህር ይህን ልዩነት ቢያስተውሉት እወዳለሁ።

አባቶቻችን ግን ሰውን ሳያዋርዱ ዝቅ ማድረግን ያውቁ ነበረ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ፥ አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ደቀ መዛሙርት ያፈራ ነው፤ በገዳም ሥርዓት ደግሞ ርድእ የሆነ ሁሉ፥ የባለጠጋም ልጅ ቢሆን፥ መጽሐፍ ከመግለጡ ጋራ ውኃ መቅዳትና እንጨት መልቀም አለበት። የቆሎ ተማሪውም ሕይወት የዚሁ ትምህርት ታናሽ ወንድም ነው። የጦሳ ተራራ ብርድ ገና ሳይለቅ፥ ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ በደሴ ደጃፎች እየዞረ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለውን ልጅ ያላየ የለም፤ ውሻው ይጮኽበታል፥ አንዷ ቤት እግዜር ይስጥልኝ ስትለው ሁለተኛዋ ቁራሽ ታወጣለታለች፥ እርሱም ተቀብሎ መርቆ ያልፋል። ይህ ልጅ ድኻ ስለ ሆነ ብቻ አይለምንም፤ እናት አባቱ ጎተራ ሙሉ እህል ያላቸውም ይለምናል፥ ነገ ከመንበር ሆኖ የሚያስተምረውን ሕዝብ ዛሬ ከደጁ ቆሞ እንዲያውቀው ነው። የሚያሳዝነኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ነው፤ ዜማውን አደላድሎ ቅኔውን ተቀኝቶ መምህር ከተባለ በኋላ፥ ያልተማረውን ካህን በጉባኤ መካከል የሚያሳፍር ሊቅ ተነሥቷል፥ አኮፋዳውንም የረሳው ይመስለኛል።

አሁን በራሴ የደረሰውን ልናገር። ከደሴ ተነሥቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ፥ ከ20 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ጉዞ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ጆሮ ይደፈናል፥ ጋቢ ይወልቃል፥ የቦርከና ሸለቆም ከነፋብሪካዎቹ ይገለጣል። አንድ ዓመት በጸሎተ ሐሙስ በዚያ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ለሕጽበተ እግር ተራዬን ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ፥ ከአጠገቤ የተቀመጠው ሰው ጭነት ተሸክሞ የሚያድር ጐልማሳ ነበረ። ጫማውን ሲያወልቅ ተረከዙ በበጋ እንደ ደረቀ የመረሬ መሬት ተሰነጣጥቆ፥ ሲሚንቶውም በስንጥቁ ውስጥ ነጥቶ አየሁ፤ እግሬንም ሳላስበው ወደ ራሴ ሰበሰብሁ። የአንዲት ስንዝር ነገር ናት፥ ማንም አላየኝም። ነገር ግን የዐቢይ ጾምን ሳምንታት ሁሉ ስጾምና ስሰግድ ያላየሁትን ልቤን በዚያች ስንዝር ውስጥ አየሁት። ቄሱ መጥተው ጐንበስ ብለው በወይራና በወይን ቅጠል የእርሱን እግር አጠቡ፥ በዚያው ኩስኩስት ውኃ፥ በዚያው ቅጠልም ወደ እኔ ዞሩ። ተነሥተን ስንወጣ ያ ሰው ወደ ኋላ መለስ ብሎ «ጋሼ፥ ጫማዎ ይኸው» ብሎ አቀበለኝ። በማግሥቱ ለንስሐ አባቴ የተናዘዝሁት የመጀመሪያው ነገር ያ የተሰበሰበ እግር ነው፤ እርሳቸውም ብዙ ስግደት ይጨምሩብኛል ብዬ ስጠብቅ፥ ሂድና ከሰውዬው ጋራ ምሳ ብላ አሉኝ። ፈልጌ አገኘሁት፥ በላን፤ ከእኔ ይልቅ እርሱ ብዙ ተጫወተ።

ይህ ቀኖና የወሎን ሰው የሚያስደንቅ አይሆንም። በወሎ ክርስቲያኑ ሲድር የእስላም ጐረቤቱን አርዶ እንዲያዘጋጅ ለብቻው ከብት ይሰጠዋል፥ እስላሙም ሲድር እንዲሁ ያደርጋል፤ ድንኳኑ አንድ፥ ዘፈኑም አንድ ነው። ሃይማኖቱ ያዘዘውን መለየት መጠየፍ የሚመስለው እንግዳ ቢኖር ተሳስቷል፤ የሚጠየፍ ሰው ለሚጠየፈው አያርድም። መለየቱ እያለ ወዳጅነቱ የጸናው፥ ለእያንዳንዱ የሚበላው እንዳይታጣ ሌላው ሰው አስቀድሞ ስለሚያስብለት ነው። ሦስቱን የቡና ስኒ፥ አቦሉን፥ ቶናውንና በረካውን ሲጠጡ የሚቀመጡበት በርጩማም እንዲሁ ነው፤ ማንንም ከማንም ከፍ አያደርግም። ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ስለ ሰርግ ወንበር ሲናገር ትሕትናን ከስሜት አውጥቶ ወደ መቀመጫ ያመጣበትን ምክንያት የተረዳሁት፥ እነሆ፥ በንባብ ሳይሆን በእንዲህ ያለው በርጩማ ላይ ነው።

ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው የአዳራሻቸውን ስም ያህል ኖረዋል አልልም፤ በቤተ መንግሥት ግብር እንደ ነበረው ሥርዓት ሁሉ መኳንንቱ አስቀድመው፥ ጭፍራው ኋላ በየማዕርጉ ይገባ ነበረና፥ ደግሞም የቦሩ ሜዳው ዐዋጅ ሲፈጸም ከፈጻሚዎቹ አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ስሙ ከሠሪው በልጧል። ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ወደ ደሴ የወጣህ ዕለት ወደዚያ አዳራሽ ጎራ በል፥ ከደጁም ቆመህ ከአንተ ጋራ በአንድ ገበታ ብታየው የሚከብድህን አንድ ሰው በስሙ አስበው፤ ለሚመጣውም በዓል ጥራው። ንጉሡ ከሰገሌ ወደ ደሴ ዙፋናቸው አልተመለሱም፥ በእስር እንዳሉ ዐረፉ፤ አዳራሹ ግን ዛሬም አይጠየፍ ይባላል።