ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ

ስሙኝማ፣ በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ አዲ ሓቂ ግቢ ሕግ የተማራችሁ ልጆች! በዳኝነት ወንበር የተቀመጣችሁ፣ ዐቃቤ ሕግ ሆናችሁ ከመዝገብ ክምር ጋር የምትታገሉ፣ የጥብቅና ፈቃድ አውጥታችሁ ቢሮ የከፈታችሁ፣ ባሕር ተሻግራችሁ ሌላ እንጀራ የያዛችሁም፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የማወራችሁ ከመቀሌ፣ ከሓወልቲ ነው። 51 ሜትር ሽቅብ የወጣው የሰማዕታት ሐውልት እንደቆመ ነው። በምረቃ ሰሞን ጥቁር ጋውን ለብሰን፣ ከሩቅ የመጡ እናቶቻችንን መሃል አድርገን ፎቶ የተነሣንበት ግቢም አለ።

ዱሮ ወሬያችን ምን ነበር? እከሌ ዳኛ ሆኖ ተሾመ። እከሊት ለማስተርስ ውጭ ሄደች። በልምምድ ችሎት እየተንቀጠቀጠ የተከራከረው ልጅ ዛሬ ስመ ጥር ጠበቃ ሆነ። የባቹ ተወካይ ሊያገባ ነውና ብር አዋጡ። ሰርግ ሲሆን ከሐዋሳም ከደሴም ተሳፍሮ የሚመጣ ነበር፤ ከሜሱ፣ ከጠጁ ማለቴ ነው፣ በኋላ ጭፈራውን ማን ያቆመዋል!

ለወጣቶቹ ጥቂት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በአገራችን የሕግ ፋኩልቲ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት የሕግ ሰው በአብዛኛው የሚወጣው ከስድስት ኪሎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የመቀሌ ቢዝነስ ኮሌጅና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተዋሕደው መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ፣ በየክልሉም ዩኒቨርሲቲዎች ሲከፈቱ፣ የሕግ ትምህርት ወደ ሰሜንም ወደ ምሥራቅም ወረደ። ተማሪውን የሚመድበው መንግሥት ነውና መቀሌን አይቶ የማያውቅ የጎጃም ልጅ፣ የወለጋ ልጅ፣ የሲዳማ ልጅ ፍራሹን ተሸክሞ አዲ ሓቂ ዶርም ገባ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። አዋጁ በአማርኛ ነው። ለልምምድ ፍርድ ቤት ሲወጣ ደግሞ ባለጉዳዩ የሚያለቅሰው በትግርኛ ነው። በመጀመሪያው ዓመት «ከመይ» ማለት ያቃተው ልጅ፣ በአምስተኛው ዓመት ለአንዲት የእንደርታ ባልቴት የቀለብ አቤቱታ እየጠየቀ ሲጽፍላቸው አይቻለሁ። ይህንን ማንም መሪ በንግግር ሊያመጣው አይችልም፤ የመጣው አብሮ በማደር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ።

የሰዎች ሕግን ስንማር አንቀጽ 154 ላይ መድረሳችንን ታስታውሳላችሁ? በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ያለው የመጥፋት ጉዳይ ነው። ሰው ከጠፋና ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ያገባኛል የሚል ሁሉ ፍርድ ቤት ቀርቦ የመጥፋት ውሳኔ ይሰጥልኝ ማለት ይችላል። እኛ ለፈተና ሸመደድነው። የምናስበው የጥንት ነጋዴ፣ የሰጠመ መርከበኛ ነበር። ሕጉ የሞተበትን ቀን አላለም፤ አስከሬን አላለም፤ ወሬ አለ። በወሬ መቅረት ሰው እንዴት እንደሚጠፋ ያን ጊዜ ለማናችንም አልገባንም።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት የትግራዩ ጦርነት ተጀመረ። ስልክ ተቆረጠ። ኅዳር 19 ቀን የፌዴራሉ ጦር መቀሌ ገባ። ከተማው ውስጥ ስልኩ በመሃሉ ተመልሶ ነበርና ጥቂት ተነጋገርን። ሰኔ 21 ቀን ጦሩ ከከተማው ሲወጣ ግን መስመሩ ጭልጥ ብሎ ጠፋ፤ ባንኩም ተዘጋ። ከሌላ ክልል የመጡት ተማሪዎች ወላጆች አዲስ አበባ ላይ ሲጨነቁ ሰነበቱ፤ በኋላ ልጆቻቸው በአውቶቡስ በአፋር በኩል ወጡ። አዲ ሓቂም ተማሪ አልባ ሆነ።

ከዚያ ዝምታው መጣ። በአንድ ዶርም ያደሩ ልጆች አንዱ መቀሌ፣ አንዱ ጎንደር፣ አንዱ አዲስ አበባ ሆነው፣ በመሃላቸው ጦር ግንባር ገባ። አንዳንዶቹ ቤተሰብ ቀበሩ፤ እዚህም እዚያም። አንዱ ጓደኛዬ በኋላ እንደነገረኝ፣ ወደ ቁጥሬ በየቅዳሜው ይደውል ነበር። እንደማይነሣ እያወቀ ይደውላል። ለምን ብለው፣ «መደወሉን ካቆምኩ አንተን እኔው ራሴ አጠፋሁህ ማለት አይደለም ወይ?» አለኝ። እግዜር ይስጠው።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ጦርነቱን ያቆመው ስምምነት ተፈረመ። ታኅሣሥ 19 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ መቀሌ በረራውን እንደገና ጀመረ። ስልኩም በዚያው ሰሞን ተመለሰ። የዚያን ሰሞን ጥሪ የሰማ ሰው አይረሳውም። ሰላምታችን ረጅም ነበር፤ እንዴት ነህ፣ ቤተሰብ፣ ሥራ እያለ ይቀጥል ነበር። በዚያን ጊዜ ግን «አለህ?» ብቻ ሆነ። «አለሁ» ሲባል በሁለቱም ወገን ለቅሶ ነው። «እከሌስ?» ማለት ይመጣል፤ እዚያ ላይ ድምፅ ይዘጋል። ማን ትክክል ነበር የሚለውን ክርክር ያነሣን ነበርን፤ ማንሳቱ መብት ነው፣ ሕግ ተምረናልና። ግን መጀመሪያ «አለህ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ክርክሩንም በሌላ ድምፅ ይከራከራል። እኔ በዚህ አምናለሁ፤ ከናንተ ጋር የሚያገናኘኝም ይኸው ነው።

ለብዙ ቤት ግን መልሱ በስልክ አልመጣም። ከስምምነቱ በኋላ አንድ ዓመት ሊሞላ ሲል፣ ከጥቅምት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስት የሐዘን ቀን ታወጀ፤ የሞቱት ታጋዮች መርድእ፣ መርዶው ማለት ነው፣ ለቤተሰብ ተነገረ። በሓወልቲ ሠፈር ለሠፈር ድንኳን ተተከለ። ጎረቤት ለጎረቤት ለቅሶ መድረስ አቃተው፤ እያንዳንዱ በየራሱ ደጅ ተቀምጧልና። ልጄ ይመጣል ብላ በር ሳትቆልፍ ያደረች እናት፣ በዚያ ሳምንት ቆለፈች።

ከለቅሶው በኋላ ምን መጣ? ወረቀት መጣ። የሞተው ሰው የባንክ ደብተር አለው፣ ቤት አለው፣ ዕቁብ አለው፣ ልጆች አሉት። የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ለእሱ ደግሞ የሞት ማስረጃ ያስፈልጋል። መርድእ ያልተነገራቸውስ? ተዋጊ ያልነበረው፣ ገበያ ሄዶ የቀረውስ? ይኸው አንቀጽ 154 ከመማሪያ ገጽ ወጥቶ ሰው ቤት ገባ።

የአንዲት ሴት ነገር ልንገራችሁ። ስማቸው ይቅር። የሕግ ትምህርት ቤቶች ለድሃ በነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡበት ጠረጴዛ አለ፤ ተማሪው በመምህር ክትትል ምክር ይሰጣል፣ አቤቱታ ይጽፋል። እሳቸው ወደዚህ ዓይነት ጠረጴዛ መጡ። በጥቁር ፌስታል የባላቸውን ጉርድ ፎቶ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ አንድ የባንክ ደብተርና የጋብቻ ወረቀት ይዘዋል። ጋብቻ ወረቀቱ ረጥቦ ደርቆ ማኅተሙ ሰማያዊ ጭጋግ ሆኗል። ተማሪዋ የመጥፋት ውሳኔን አስረዳቻቸው። ጠፋ የተባለ ሰው ቢመለስስ አሉ። ልጅቷም ሕጉ መመለሱንም አስቦበታል፣ ከተመለሰ ውሳኔው ይቀራል፣ ንብረቱን በተገኘበት ሁኔታ ይረከባል አለቻቸው። እማዬ ዝም አሉና፣ «እንግዲያውስ ጻፊልኝ፤ በሩን ዘግተሽ አትጻፊብኝ እንጂ» አሏት። ልጅቷ በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ የመመለስን መብት የሚጠብቅ አንድ አንቀጽ ጨምራ ጻፈች። ጠያቂው ባይጠይቅም ዳኛው ሕጉን ያውቀዋል፤ ሕግ አይፈልገውም ነበር። እሳቸው ግን ፈልገውታል፤ መምህሩም ሳይሰርዝ አሳለፈው።

የዚህ ትምህርት ቤት ትልቁ ወሬ፣ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ይህ ነው። የማን ሹመት የማን ሽልማት የሚለው ይቆየን።

ተማሪዎቹ ወደ ትምህርታቸው ሲመለሱ ግን የተመለሱት ወደ ሌላ ሕግ ነው። እዚህ ጦርነት ላይ ሳለን ነጋሪት ጋዜጣ መታተሙን አላቆመም። በ2013 ዓ.ም. ብቻ አዲሱ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243 ወጣ፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ወጣ፤ የጥብቅና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1249 ወጣ። በ1952ቱ የንግድ ሕግ የሽርክና ማኅበርን አጥንቶ የተለየ ተማሪ፣ ሲመለስ መጽሐፉ ተሽሮ ጠበቀው። መብራት በጠፋበት ቤት እንደ ተቀመጠ ሰው ነበርን፤ ጎረቤቱ ዕቃውን ሁሉ ቦታ ቀይሮታል። አንድ የቀድሞ የክፍል ጓደኛችን ከስምምነቱ በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ወራት ሲመጣ፣ ልብስ ያመጣል ብለን ስንጠብቅ ሻንጣው ውስጥ አዋጆችና የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔ ቅጾች አገኘን። ከልብስ አስበልጠን ተቀበልነው።

በሐምሌ የምትመጡ፣ በለሱ ደርሷል፤ መንገድ ዳር ሻጭዋ በቢላዋ ልጣ በእጃችሁ ታስይዛችኋለች። ከሮማናት አደባባይ ባጃጅ ይዛችሁ ወደ አዲ ሓቂ ግቡ። ከመምጣታችሁ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ያዙልኝ፤ ያቺው ተማሪ ለመምህሩ ያቀረበችው፣ መምህሩም ለእኔ የወረወረው ነው።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል። አንቀጽ 1793 ደግሞ ጦርነትን፣ የእርስ በርሱንም ጭምር፣ ከአቅም በላይ ከሆኑ ነገሮች ይቆጥራል፤ እሱ ግን የተጻፈው ስለ ውል ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ሱቁ የፈረሰበት፣ ፍርድ ቤት ተዘግቶ፣ ጠበቃ ጠፍቶ፣ መንገድ ተቆርጦ የቆየ ሰው ክሱን ያቀረበው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ቢሆን፣ ይርጋው ከየትኛው ቀን ይቆጠራል? እናንተ በሰበር ችሎት፣ በክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች፣ በጥብቅና ያላችሁ፣ በዚህ ላይ የተሰጠ ውሳኔ ካያችሁ የመዝገቡን ቁጥርና ቅጹን ላኩልን። ልጆቹ የሚከራከሩበት ቀጠሮ ቀርቧል።