ማድ ቤቱ ከመኝታችን ሥር ሲገባ



ብዙዎቻችሁ ዛሬ ባሕር ዳር ሆቴሎች ውስጥ እንደምትሠሩ አውቃለሁ። ሪሴፕሽን ላይ ያላችሁ አላችሁ፤ ኪችን የገባችሁ፣ አልጋ የምታነጥፉ፣ ሌሊት በር የምትጠብቁም አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ተመስገን ነው፣ የራሳችሁን ፔንስዮን ከፍታችኋል። ከእናንተ አንዱ ሰሞኑን «ቲቸር፣ እሳት ማጥፊያ ልንገዛ ነው፤ ለሆቴላችን ስንት ይበቃናል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ይሄ ለታሪክ መምህር የሚቀርብ ጥያቄ አይመስልም። ለእኔ ግን ጥርት ያለ የታሪክ ጥያቄ ነው። መልሴ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ድሮ ከእሳት የሚጠብቀን ርቀት ነበር። ፎቅ ስንሠራ ርቀቱን አጣነው። ስለዚህ የምንገዛው ዕቃ ያንን ያጣነውን ርቀት የሚመልስልን መሆን አለበት። «ስንት ሲሊንደር?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እስቲ ከአያቶቻችን ግቢ እንጀምር። መኖሪያ ቤቱ ሣር ክዳን ነው፤ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። ታዲያ ማድ ቤቱ የት ነበር? ከመኖሪያው ተለይቶ፣ ጓሮ ነው። ምጣዱም ጉልቻውም እዚያ ነው። ማድ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ማድ ቤት ተቃጠለ ይባላል እንጂ ልጆቹ የተኙበት ቤት ይተርፋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረታችን ራሱ ጊዜ ላለው ሰው የተነገረ ነው። ቅጠል ቆርጦ ለመድረስ እሳቱ ገና ትንሽ፣ ገና ሩቅ መሆን አለበት።

ጣና ላይ ደግሞ ይሄው ብልሃት በድንጋይ ተሠርቶ ታገኙታላችሁ። ዘጌም ሆነ ደሴቶቹ ላይ የሄዳችሁ ታስታውሳላችሁ፤ በርካታ ገዳማት ዕቃ ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ተለይቶ ለብቻው የቆመ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ እንጨትና ጭቃ፣ የጥንቱ ጣሪያ ደግሞ ሣር፤ ውስጡ ጧፍና ዕጣን የማይለየው። ብራናውና ዘውዱ በሌላ ቤት ይቀመጣል። በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ አፅም የተቀመጠው እንዲህ ባለው ዕቃ ቤት ነው። ለሌባም ለሌላም ነገር ታስቦ ይሆናል፤ ለእሳት ግን ርቀቱ ዋጋ እንዳለው ማንም ያየዋል።

ከዚያ ከተማ መጣ። በ1950ዎቹ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊ ቴክኒኩ ባሕር ዳርን ከተማ አደረጓት። የዱሮዎቹ የሐይቅ ዳር ማረፊያዎች ዝቅ ያሉና ሰፊ ግቢ ያላቸው ነበሩ፤ እንግዳው ከክፍሉ ወጥቶ ሣር ላይ ይቆማል። ከጊዜ በኋላ መሬት ተወደደና ወደ ላይ መሄድ ጀመርን። ጂ+4፣ ጂ+7 እያልን ቀጠልን። ማድ ቤቱ ምድር ቤት ገባ፣ ከላዩ ባርና ሬስቶራንት፣ ከዚያ በላይ አዳራሽ፣ ከሁሉም በላይ የተኛ ሰው። ጓሮ የነበረው እሳት ከመኝታችን ሥር ገባ ማለት ነው። ያውም ዛሬ እሳቱ ጉልቻ አይደለም፤ የጋዝ ሲሊንደርና የፈላ ዘይት ነው።

ይሄ ለውጥ ምን ሊያመጣ እንደሚችል በአገራችን ያየነው አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ ነው። እሑድ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ተቃጠለ። እቴጌይቱ ራሳቸው ያቋቋሙት፣ የዘመናዊ ሆቴሎቻችን ታላቅ የሚባለው ሆቴል ነው። ጣሊያን ገብቶ ሲወጣ ያልጠፋ፣ ሦስት መንግሥት የተቀያየረበት ቤት በአንድ ቀን ክፉኛ ተጎዳ። ግቢው ውስጥ የነበረው ጃዛምባ የተባለው የሙዚቃ ቤትም ወደመ። ሆቴሉ ተጠግኖ ዛሬም አለ፤ እንኳን ተረፈ። ግን ልብ በሉ፣ የእንጨት ወለልና የእንጨት ደረጃ ያለው ቤት እሳትን የሚያስቆመው በመካከል ያለ ክፍተት ብቻ ነው። ክፍተት ከሌለ እሳቱ መንገዱን ያገኛል።

«የእኛማ ኮንክሪት ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ለእናንተ ደግሞ የአትላንታውን ዋይንኮፍ ሆቴል ልንገራችሁ። ባለ 15 ፎቅ ነው፤ «እሳት የማይነካው» ተብሎ ማስታወቂያ ይነገርለት ነበር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1946 ሌሊት ተቃጠለና 119 ሰው ሞተ። ሕንፃው አልፈረሰም፤ ኮንክሪቱ ቆሞ ቀረ፣ ያለቀው ሰው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነበር። ደረጃው አንድ ብቻ፣ እሱም በር የሌለው ክፍት ነው። አላርም የለም፣ ስፕሪንክለር የለም። እሳቱና ጢሱ ደረጃውን እንደ ጢስ ማውጫ ተጠቅመውበት ወደ ላይ ወጡ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰላል ላይኛው ፎቅ አልደረሰም። ሆቴሉን ያሠራው ሰውዬ ራሱ እዚያው ይኖር ነበር፤ ከሟቾቹ አንዱ እሱ ነው።

ሁለተኛው የላስ ቬጋሱ ኤም ጂ ኤም ግራንድ ነው፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 1980። እሳቱ የተነሣው ምድር ላይ ካለ ምግብ ቤት ነው። ምግብ ቤቱ ስፕሪንክለር አልተገጠመለትም፤ «24 ሰዓት ሰው ስለማይጠፋበት ቢነሣ ይታያል» ተብሎ ነበር። እሳቱ ሲነሣ ግን ቤቱ ዝግ ነበር። 85 ሰው ሞተ። አብዛኞቹ የሞቱት የት መሰላችሁ? እሳቱ ጨርሶ ባልደረሰበት ላይኛው ፎቅ። በደረጃውና በሊፍቱ ጉድጓድ የወጣው ጢስ ነው የገደላቸው።

እዚህ ጋ ነው ግዢያችን የሚበላሸው። እኛ እሳት ስንል ነበልባል ስለሚታየን ማጥፊያ እንገዛለን። ሆቴል ውስጥ ግን ዋናው ገዳይ ጢስ ነው፤ የሚገድለው ደግሞ የተኛ ሰው ነው። ስለዚህ እኔን ከጠየቃችሁ የግዢው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ የሚቀሰቅስ። በየመኝታ ክፍሉና በየኮሪደሩ ጢስ ጠቋሚ። ኪችን ውስጥ ግን ሙቀት ጠቋሚ ይሁን፤ አለዚያ ወጥ በተሠራ ቁጥር ይጮህና አንዱ ተበሳጭቶ ይነቅለዋል። አቅም ከፈቀደ አንዱ ሲጮህ ሁሉም የሚጮሁበት ይሁን። ምድር ቤት የሚጮኸውን አምስተኛ ፎቅ የተኛ እንግዳ አይሰማውም።

ሁለተኛ፣ የሚያስወጣ። ሁለት ደረጃ ካለ ሁለቱም ክፍት ይሁኑ፤ የኋላውን በር «ሌባ እንዳይገባ» ብላችሁ በቁልፍ አትዝጉት፣ ከውስጥ በግፊት የሚከፈት ያድርጉለት። ደረጃው መግቢያ ላይ ራሱን የሚዘጋ፣ እሳት የሚቋቋም በር ይኑር። በድንጋይ ወይም በፌርማታ ደግፋችሁ ከፍታችሁ ካስቀመጣችሁት ግን ዋይንኮፍ ሆነ ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚበራ የመውጫ ምልክትም ያስፈልጋል፤ መብራት እንዴት እንደሚጠፋ ለባሕር ዳር ሰው አልነግርም።

ሦስተኛ፣ የሚያጠፋ። እዚህም ቀይ ሁሉ አንድ አይደለም። ለኮሪደርና ለክፍል የዱቄቱ ይሆናል። ለኤሌክትሪክ ቦርድና ለጄኔሬተር ክፍል የካርቦን ዳይኦክሳይዱ፤ ግን ጠባብ ክፍል ውስጥ ትንፋሽ ያሳጣል፣ ተጠንቀቁ። ለጥብስ ዘይት ለዘይት ተብሎ የተሠራው ፈሳሽ ኬሚካልና እሳት ማፈኛ ብርድ ልብስ። የነደደ ዘይት ላይ ውሃ አይደፋም! ውሃው ወዲያው እንፋሎት ሆኖ መጠኑ 1,700 ጊዜ ያህል ይሰፋና የሚነደውን ዘይት ፊታችሁ ላይ ይረጨዋል። ጋዙን ዝጉ፣ ድስቱን ክደኑ። የዱቄቱ መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆኑን በየወሩ እዩ። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መርፌ የለውም፤ ይዘቱ የሚታወቀው ተመዝኖ ነው።

ስፕሪንክለር ደግሞ አቅም ላለው ከሁሉም ይበልጣል። ፊልም ላይ እንደምናየው ሁሉም በአንዴ አይፈሱም። የተለመደው ቀይ ብልቃጥ ያለው 68 ዲግሪ ሲደርስ ብልቃጡ ይሰበርና እሱ ብቻ ይረጫል። ግን ውሃ ይፈልጋል። «ጣና አጠገባችን ነው» አይሠራም! ሐይቁ እሳት አያጠፋም፤ የሚያጠፋው ታንከራችሁ ውስጥ ያለው ውሃና መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ፓምፕ ነው። ለእሳት የተመደበው ውሃ ለልብስ ማጠቢያ እንዳይወሰድም ተጠንቀቁ።

ሕጉስ? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የእሳት መከላከያን አንሥቶ ነበር። ነገር ግን ሕግ የሚያየው ተቆጣጣሪው የመጣበትን ቀን ነው፤ ሌሊቱን የምታዩት እናንተ ናችሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሪሴፕሽን ያለ አንድ ልጅ ነው ስልሳ የተኛ ሰው በእጁ ያለው።

ጥምቀት ሲደርስ ከተማችን ትሞላለች። ክፍል ጠፍቶ አዳራሽ ላይ ፍራሽ ይነጠፋል። እንግዳው «ባሕር ዳር ደርሼ መጣሁ» ብሎ በሰላም ወደ ቤቱ መመለስ አለበት።

ስለዚህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ፣ ገንዘብ አያስወጣም። ዛሬ ማታ ከሥራችሁ ላይኛው ፎቅ ውጡ። የስልካችሁን መብራት አጥፍታችሁ፣ ግድግዳውን በእጃችሁ እየዳበሳችሁ እስከ ውጭ ድረስ ውረዱ። ስንት በር እንዳለፋችሁ፣ የቱ እንደተቆለፈ፣ ቁልፉ ማን ኪስ ውስጥ እንዳለ ጻፉና ጠዋት ለአለቃችሁ ስጡት። ሲሊንደሩን ከዚያ በኋላ ግዙ።