የከተማ በጀት፦ ማን ይከፍላል? ማንስ ይወስናል?

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። በዚህ ወቅት የከተማ ምክር ቤቶች ተሰብስበው ለመንገድ፣ ለውሃ፣ ለትምህርት ቤትና ለጽዳት ስንት እንደሚመደብ ያጸድቃሉ። አብዛኞቻችን ግን ጉዳዩን የሹማምንት ብቻ አድርገን እንተወዋለን። ቧንቧው ሲደርቅ እናማርራለን እንጂ ገንዘቡ ሲመደብ በወንበሩ ላይ ማን ተቀምጦ እንደነበር አንጠይቅም። ውድ አንባቢያን፣ ታሪኩን ወደ ኋላ ሄደን ብንመለከት ግን ዋናው ጥያቄ ይኸው ሆኖ እናገኘዋለን።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 74 የአገራችንን ከተሞች በማዘጋጃ ቤት ሥርዓት አዋቀረ። አዲስ አበባና ጎንደር በከፍተኛው ደረጃ ሲመደቡ ሌሎች ከተሞች ከእነርሱ በታች ተዘረዘሩ። መብራት፣ ንጹሕ ውሃና ቄራ የማዘጋጃ ቤት ሥራ መሆናቸው በሕግ ታወቀ። ይህ መልካም ነበር። ነገር ግን ከንቲባው የንጉሠ ነገሥቱ ተሿሚ ነበር፤ በምክር ቤቱም ከመሥሪያ ቤት ተወካዮች ጎን ለመቀመጥ የሚችለው ነዋሪ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለው ነበር። ቤት ተከራይቶ የሚኖረው፣ ጉልት የሚቸረችረው፣ ተሸክሞ የሚያድረው ግን ድምፅ አልነበረውም።

ጂንካ ያን ጊዜ በጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረች። የአስተዳደር መቀመጫው ከተራራማው ባኮ ወደ ጂንካ ከወረደ በኋላ የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ከተማ ሆነች። መንገዱ አስቸጋሪ ስለነበር በሣር የተሸፈነው የአውሮፕላን ሜዳ በከተማዋ መሐል ተዘርግቶ፣ ቤቶቹ ዙሪያውን ተሠሩ።

ከዚያም አብዮቱ መጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠውንም ቦታ በ500 ካሬ ሜትር ወሰነ። ቀበሌ ተቋቋመ። የንብረት መስፈርቱ ቀርቶ ድሃውም የማኅበሩ አባል ሆነ። ኪራይም ረከሰ። ይሁን እንጂ ከኪራዩ የሚገኘው ሳንቲም ጣሪያ ለማደስ እንኳ ስላልበቃ የቀበሌ ቤቶች በነዋሪዎቹ ላይ አረጁ። ቀበሌውም ከነዋሪው ጥያቄ ይልቅ ከላይ የሚወርደውን ትእዛዝ አስፈጻሚ ወደ መሆን አዘነበለ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ጥገናው ያልታሰበለት አገልግሎት ዕድሜ የለውም። ሁለተኛ፣ በስብሰባ መገኘትና መወሰን አንድ አይደሉም።

በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ደነገገ። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህም በጀት በጥቅል ድጎማ ወደ ወረዳ መውረድ ጀመረ። በከተሞች ገንዘቡ ሁለት ምንጭ አለው። ትምህርትና ጤናን የመሰሉት ሥራዎች በአብዛኛው በድጎማ ይከናወናሉ። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ቦይ፣ ቆሻሻ ማንሣትና የገበያ ቦታ የመሳሰሉት ግን ከተማው ራሱ ከኪራይ፣ ከሊዝና ከአገልግሎት ክፍያ በሚሰበስበው ላይ ይመካሉ። ስለዚህ ነጋዴውም ሸማቹም በጀቱን ይሞላሉ። የሚያሳዝነው በመላ አገሪቱ የአካባቢ ምክር ቤቶች ምርጫ በ2005 ዓ.ም. ከተካሄደ በኋላ፣ በ2010 ሊደረግ የሚገባው መራዘሙ ነው። ምርጫ ሲዘገይ መራጩ የመጠየቅ ልማዱን ይረሳል፤ ተመራጩም መልስ የመስጠት ልማዱን።

በጂንካ ደግሞ ነገሩ አንድ ተጨማሪ ገጽታ አለው። በቅዳሜ ገበያ ከአሪ መንደሮች ቡና፣ ኮረሪማ፣ ማር፣ ቆጮና ሸክላ ይወርዳል፤ በናውም ሙርሲውም ይመጣል። እነዚህ ወገኖች ለከተማዋ ሕይወት ናቸው። ነገር ግን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የአሪ ሕዝብ ጋዘርን ማእከል ያደረገ የራሱን ዞን አገኘ፤ ጂንካ የደቡብ ኦሞ መቀመጫ ሆና ቀጠለች። ራስን ማስተዳደር ተገቢ ነው። ሆኖም ሸክላዋን በጀርባዋ አዝላ ወደ ጂንካ የምትወርደው እናት የገበያውን ጭቃ የምትረግጠው በአንድ ዞን፣ ምክር ቤቷ ያለው በሌላ ዞን ሆነ። ጥላ፣ የሚጠጣ ውሃና መጸዳጃ ቤት ያስፈልጋታል። ለማን ትናገር?

የኢስላም ሊቃውንት ይህን ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ አስበውበታል። በ450 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት አል-ማወርዲ ስለ ገበያና ስለ ከተማ ተቆጣጣሪው (ሙሕተሲብ) ሲያስረዱ፣ የከተማው የመጠጥ ውሃ ቢበላሽ ወይም ግንቡ ቢፈርስ ከበይቱል ማል እንዲጠገን፣ በዚያ ገንዘብ ከሌለ ግን ኃላፊነቱ አቅም ባላቸው ነዋሪዎች ላይ እንደሚወድቅ ጽፈዋል። ልብ እንበል፤ በዚያው ቦታ ከጠገናው ጋር አብረው ያነሡት የተቸገረ መንገደኛን ነው። በከተማው መዝገብ ላይ ስሙ ያልሰፈረ እንግዳ በከተማው ላይ መብት አለው ማለት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የጸደቀው በጀት በቢሮ ግድግዳ ላይ ከመለጠፍ አልፎ በገበያ ቀን፣ በአማርኛም በአሪ ቋንቋም ቢነበብ መልካም ነው። ከገበያ የሚሰበሰበው ገንዘብ የተወሰነው ለገበያው ውሃና ጽዳት ተለይቶ ቢቀመጥ፣ ስለ አጠቃቀሙም ከተማዋና አጎራባች ወረዳዎች አብረው ቢመክሩ ፍትሐዊ ይሆናል። እኛ ቤተሰቦች ደግሞ የቀበሌያችንን ተወካይ ስም እንወቅ፤ ልጆቻችንንም ሰፈራቸው በዓመቱ ስንት እንደተመደበለት እንዲጠይቁ እናስተምር። የሕዝብ ገንዘብ አማና ነው፤ አማና ደግሞ ጠያቂ ይፈልጋል።