ከሱቅ ወደ መኖሪያ፦ የቤት መግዣ ገንዘብ ታሪክ ከግራና ሲታይ



ንግግሬን በአንድ ፖስታ እጀምራለሁ። ባለፈው ዓመት አክስቴ ከግራና ወልድያ ድረስ መጥተው አንድ የታጠፈ ፖስታ በእጄ ላይ አኖሩ። በውስጡ ሦስት ወረቀቶች ነበሩ፦ በእጅ የተጻፈና ሦስት ምስክሮች የፈረሙበት የሽያጭ ውል፣ የቆየ የግብር ደረሰኝ፣ ጊዜው ያለፈበት የንግድ ፈቃድ። አክስቴ ባለቤቱ ከሞቱ ወዲህ የተዘጋ ሱቅ ሊገዙ ተስማምተዋል። ሰፊውን የብረት በር አስነቅለው፣ በቦታው ግድግዳና መስኮት አስገብተው፣ ከኋላ ያለውን መጋዘን ማድ ቤት አድርገው ሊኖሩበት አስበዋል። ዋጋው 480 ሺህ ብር ነው። 200 ሺህ ብር በእጃቸው አለ፤ 100 ሺህ ብር ከዕቁብ ይጠብቃሉ፤ የጎደለውን 180 ሺህ ብር ከባንክ ጠይቀው አልተሳካላቸውም።

«ልጄ» አሉኝ፤ «ቤቱ እንደሁ የትም አይሄድ። እሱን ይዘው ቢያበድሩኝ ምን ይጎዳቸዋል?»

ለዚህ ጥያቄ የባንክ ባለሙያ አጭር መልስ ይኖረው ይሆናል። እኔ ግን የታሪክ ተማሪ ነኝና ረጅሙን መልስ ልሞክር። ለማስረዳት የምፈልገው ነገር አንድ ነው፦ በአገራችን አበዳሪ ለግድግዳና ለጣራ አበድሮ አያውቅም። ያበደረው ወይ ለወረቀት ነው፣ ወይ ለሰው። የቀድሞ ሱቅ ደግሞ ወረቀቱ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግር ቤት ነው። ለምን እንዲህ እንደሆነ በሦስት ዘመናት ከፍዬ አሳያለሁ።

በመጀመሪያ ሱቁ ራሱ እንዴት እንደ ተሠራ እንመልከት። ግራና ያለችበት የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በዚህ መስመር ባሉ ትንንሽ ከተሞች የተለመደው አሠራር ሱቅንና ቤትን አይለይም። ፊቱ ወደ መንገድ የተከፈተ መደብር ነው፤ ከኋላው ዕቃ ይቀመጣል፣ ሰውም ይተኛል፤ ከጓሮ ማድ ቤት አለ። ጭቃ ለሚመርገው ሰውና ቆርቆሮ ለሚመታው አናጢ ሁሉም አንድ ቤት ነበር። ስለዚህ አክስቴ ሊያደርጉት ያሰቡት ነገር ከግንባታ አንጻር ብዙም አዲስ አይደለም። ሱቅና መኖሪያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች የሆኑት በሕግ ነው።

የመጀመሪያው ዘመን ከ1967 ዓ.ም. በፊት ያለው ነው። በዚያን ጊዜ ቤት ወይም መሬት አስይዞ ገንዘብ ለሚፈልግ ሰው የታወቀው መንገድ ወለድ አገድ ነበር። ተበዳሪው ቤቱን ወይም መሬቱን ለአበዳሪው ያስረክባል፤ አበዳሪው በወለድ ፈንታ ይገለገልበታል፤ ዋናው ገንዘብ ሲመለስ ንብረቱም ይመለሳል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ልማድ አልሻረውም፤ ከቁጥር 3117 ጀምሮ የራሱን ቦታ ሰጥቶታል። በጎኑም ከቁጥር 3041 ጀምሮ ዘመናዊውን የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ ደነገገ። የሁለቱ ልዩነት ትልቅ ነው። በወለድ አገድ አበዳሪው ቤቱን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ይዞ፣ ቢሻው ገብቶ ይኖርበታል። በመያዣ ግን ቤቱ ከተበዳሪው ጋር ይቀራል፤ አበዳሪው የሚይዘው በመዝገብ ላይ የሰፈረ መብት ብቻ ነው። መዝገብ በሌለበት መያዣ የለም።

በ1950ዎቹ ለቤት ሥራና ለቤት ግዢ የሚያበድሩ ተቋማት አዲስ አበባ ላይ ተቋቋሙ። የትንሽ ከተማ ነጋዴ ግን ከእነዚህ ሩቅ ነበር። የእርሱ ብድር ከጅምላ ነጋዴ በዱቤ የሚወስደው ጨውና ጨርቅ፣ ከዘመድ የሚያገኘው ብርና ወለድ አገድ ነበር።

ሁለተኛው ዘመን የሚጀምረው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያን ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። ለዛሬው ጉዳያችን ከአዋጁ ሦስት ነገሮችን ልብ በሉ። አንደኛ፣ የመኖሪያ ቤትንና የንግድ ቤትን በስም ለይቶ ደነገገ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ የመኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ከለከለ፤ ለመኖሪያ የሚሰጠውን ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። ሁለተኛ፣ የግል ቤት ማከራየትን አገደ። ሦስተኛ፣ ከተወረሱት ቤቶች ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት በቀበሌ እጅ እንዲተዳደሩ አደረገ።

የአናጢው አንድ ቤት በዚህ ጊዜ ለሁለት ተከፈለ። ከዚያ በኋላ በአንድ መንገድ ዳር የተሰለፉ ተመሳሳይ ሱቆች በውስጣቸው ፈጽሞ የተለያየ ታሪክ ይዘው ቆሙ። አንዱ በባለቤቱ እጅ የቀረ የግል ቤት ነው። አንዱ የቀበሌ ቤት ነው፤ በውስጡ ያለው ሰው ተከራይ ነው። በኋላ ዘመን «ቁልፍ መሸጥ» የሚባለው ነገር የመጣው ከዚህ ነው፦ ተከራዩ ቤቱን ሊሸጥ አይችልም፤ ቁልፉን ግን በብዙ ብር ያስተላልፋል። ቁልፍ የገዛ ሰው ቤት የገዛ ይመስለዋል። ከውጭ ለሚያይ ደግሞ በሩ፣ ቆርቆሮው፣ ግድግዳው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።

በ1968 ዓ.ም. የቤትና ቁጠባ ባንክ ተቋቋመ። ይህ ባንክ ስሙ ተለውጦ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ሆነ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተጠቃለለ። የቤት ብድር ዋና ተቋም ሆኖ የቆየው ባንክ ታሪክ ይህ ነው።

ሦስተኛው ዘመን አሁን ያለንበት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነና እንደማይሸጥ ይደነግጋል፤ በመሬቱ ላይ የተሠራውን ቤት ግን ባለቤቱ ሊሸጠው፣ ሊያወርሰው ይችላል። የሊዝ ሥርዓት በ1986 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ1994 ዓ.ም. ተሻሻለ፤ በ2004 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 721 እንደገና ወጣ። በዚህ አዋጅ መሠረት ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። ለመኖሪያ የሚሰጠው የሊዝ ዘመንና ለንግድ የሚሰጠው እኩል አይደለም፤ የቦታን አገልግሎት መለወጥም ፈቃድ ይጠይቃል።

አሁን ወደ አክስቴ 480 ሺህ ብር እንመለስ። ይህ ገንዘብ የምን ዋጋ ነው? ሱቁ የጭቃ ቤት ነው፤ ቆርቆሮው ዝጓል። ግድግዳው ይህን ያህል አያወጣም። ገዢና ሻጭ የተስማሙት በመንገድ ዳርነቱ፣ ለገበያ በመቅረቡ ነው፤ ያ ደግሞ የመሬት ዋጋ ነው። በሕግ የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ በገበያ የሚከፈለው ለቦታው ነው። ባንክ ለመያዣ ሲገምት በዋናነት የሚያየው ግንባታውንና የባለቤትነት ማረጋገጫውን ነው። በገበያው ዋጋና በባንኩ ግምት መካከል ያለው ክፍተት ነው እንግዲህ አክስቴን ባዶ እጃቸውን የመለሳቸው። ቤቱ የትም አይሄድም ማለታቸው እውነት ነው። ባንኩ ግን የሚይዘው መብት ነውና ያ መብት በማን ስም እንዳለ ከወረቀቶቻቸው አንዱም አይናገርም ነበር።

ይህን ክፍተት የሚሞላው በሰው ላይ የቆመው ብድር ነው። ዕቁብን ተመልከቱ። አክስቴ ያሉበት ዕቁብ ሃያ አባላት አሉት፤ እያንዳንዱ በወር 5 ሺህ ብር ይጥላል፤ የእርሳቸውን ድርሻ ዐረብ አገር የምትሠራ ልጃቸው ትልካለች። በመጀመሪያው ወር ዕጣ የደረሰው ሰው 100 ሺህ ብር ሲወስድ በቀሩት አሥራ ዘጠኝ ወራት 95 ሺህ ብር ያለ ወለድ የሚከፍል ተበዳሪ ነው። የመጨረሻው ደግሞ ቆጣቢ ነው። መያዣው ዋስና ስም ነው። በ1989 ዓ.ም. የተመዘገበው፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በቡድን ዋስትና ሲያበድር የተደገፈው በዚሁ ዓይነት መተማመን ላይ ነው፤ ነገር ግን የቡድን ብድር ለእርሻና ለንግድ የሚሆን አጭርና አነስተኛ ብድር እንጂ የቤት መግዣ አልነበረም።

በሀብሩ ወለድን በሃይማኖታቸው ምክንያት የማይነኩ ብዙዎች ናቸው። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ አለን። በሙራባሃ ባንኩ ንብረቱን ራሱ ገዝቶ፣ የታወቀ ትርፍ ጨምሮ፣ በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ ለደንበኛው ይሸጣል። ይህ ሲሆን ግን የወረቀቱ ጥያቄ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ባንኩ ያልገዛውን ሊሸጥ አይችልምና።

ወረቀቶቹን ካነበብኩ በኋላ አክስቴን «ሻጩ ማን ናቸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የሟቹ የበኩር ልጅ ነው አሉኝ። ወራሾቹ ግን አምስት ናቸው። ሰሜን ወሎን ያዳረሰው የ2013ና የ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሱቁን ባዶ ካስቀረው በኋላ አባታቸው ዳግም ሳይከፍቱት ሞቱ፤ ወራሾቹም ተበታተኑ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መሆንና ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ አለበት። የሦስት ምስክሮች ፊርማ ያንን አይተካም። አክስቴ ደግሞ 30 ሺህ ብር ቀብድ ከፍለው ነበር። ቁጥር 1885 ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ቢያፈርስ እጥፍ እንዲመልስ ያዝዛል፤ ከአንድ ወራሽ ላይ ያን ለማስመለስ ግን ስንት ቀጠሮ ይፈጃል?

ልጁ ሌላ ሐሳብ አቀረበ፤ ወረቀቱ እስኪያልቅ 300 ሺህ ብር ሰጥተው በወለድ አገድ ይግቡበት አለ። የአያቶቻችን መፍትሔ በሦስተኛው ዘመን እንደገና በር አንኳኳ ማለት ነው። አክስቴ ደስ አላቸው። እኔ አልተስማማሁም፤ አምስት ሰዎች የሚካፈሉትን ቤት አንዱ ብቻውን ሊያግድ አይችልም። ተቀየሙኝ። ለሁለት ሳምንት ስልኬን አላነሡም።

በሦስተኛው ሳምንት ደውለው ያደረጉትን ነገሩኝ። የዕቁብ ዕጣቸው ወጥቶ ነበር፤ ልጇን ለምትድር አንዲት አባል ተራቸውን ለቀው የእርሷን የመጨረሻ ተራ ወሰዱ። «ወረቀቱ እስኪወጣ ብሩም ይቆይ» አሉኝ። የወራሽነት ማስረጃው አሁን ከፍርድ ቤት ወጥቷል። የስም ዝውውሩና የአገልግሎት ለውጡ ይቀራል። ሱቁ እስከ ዛሬ ዝግ ነው።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ ወረቀትን የሚጠብቅ ዕቁብ በየትኛውም የባንክ ታሪክ መጽሐፍ አይገኝም። በየማዘጋጃ ቤቱ ያሉ የይዞታ ፋይሎች፣ በየዕቁብ ጸሐፊው እጅ ያሉ ደብተሮች፣ በየሳጥኑ ያሉ የወለድ አገድ ውሎች የከተሞቻችንን ታሪክ ይዘዋል። ብዙዎቹ በጦርነቱ ጠፍተዋል። የቀሩትን ባለቤቶቻቸውን አስፈቅዳችሁ አንብቡ፤ ገልብጡ። አንድ ቤተሰብ ቤት ሲገዛ የሚከፍለው ዋጋ ከእርሱ በፊት የወጡትን አዋጆች ሁሉ ጨምሮ ነውና፣ ያንን አንብቦ ማስረዳት የእኛ ሥራ ነው።