«ሰነድ ማድረስ»

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች «ዶክመንት ዴሊቨሪ» የሚሉት፣ አንባቢ የሚሻው መጽሐፍ ወይም መጣጥፍ በአቅራቢያው ሲታጣ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ካለበት ፈልጎ፣ ዋናውን በውሰት ወይም ተፈላጊውን ክፍል በግልባጭ አስመጥቶ ለጠያቂው የሚያስረክብበትን ሥርዓት ነው። «የሰነድ አቅርቦት» ሊባል ይቻላል፤ ነገር ግን ማቅረብ ጽሑፉን ከጠረጴዛ ላይ በማኖር ሊፈጸም ይችላልና አይበቃም። ግእዝ ወዳድም «ፍናዌ ሰነድ» ቢለው፣ መላክ መድረስን አያረጋግጥም። ስለዚህ «ሰነድ ማድረስ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ከጠያቂው እጅ ሳይገባ ተፈጸመ አይባልምና።

ለምሳሌ የሆሳዕና ወይም የዱራሜ ተመራማሪ ስለ አያቶቹ ሊጽፍ ቢነሣ፣ ጀርመናዊው ሊቅ ኡልሪክ ብራውኬምፐር እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ ሐድያ፣ በ1983 ስለ ከምባታ በጀርመንኛ ያሳተማቸውን መጻሕፍት ሳይመረምር ማለፍ አይቻለውም፤ የሐድያው መጽሐፍ እንኳ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ የወጣው በ2012 ነውና፣ የአገሬው ልጅ የገዛ ታሪኩን ለማንበብ ይህን ያህል ዘመን የባዕድ ልሳን ደጅ መጥናቱ ያሳዝናል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ፍለጋ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስ የማይችል ተማሪ ብዙ ነው፤ መጓዝ የሚገባው መጽሐፉ እንጂ አንባቢው አይደለም።

የአገልግሎቱ መሻሻል ከቅርብ ይጀምር። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢው በሆሳዕና፣ ሌላው ግቢው በዱራሜ ስለሆነ፣ የሁለቱ ግቢዎች መጻሕፍት በአንድ ዝርዝር ተመዝግበው በየጊዜው ቢመላለሱ፣ ባሕር ሳይሻገሩ የሚፈጸም ሥራ ሞልቷል። ጠያቂው ጽሑፉ በወረቀት ይሁን በዲጂታል እንዲያውቅ አይገደድ፤ ጥያቄውን አንድ ጠረጴዛ ይቀበለው፤ ባለሙያውም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የመመረቂያ ጽሑፎች የዲጂታል ማኅደር፣ ቀጥሎም አነስተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ተቋማት መጽሔቶችን በነፃ የሚከፍተውን «ሪሰርች ፎር ላይፍ» አስቀድሞ ይመርምር። በወረቀት ብቻ የሚገኘው ምዕራፍ ስካን ተደርጎ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ይላክ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ በፍላሽ ወይም በፎቶ ኮፒ ይድረስ።

ሕጉም በሩን አልዘጋም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ለትርፍ የማይሠራ ቤተ መጻሕፍት ለግል ጥናት ለሚጠይቅ ሰው የታተመ መጣጥፍን ወይም ከመጽሐፍ አጭር ክፍልን እንዲያባዛ ይፈቅዳል፤ ሙሉው መጽሐፍ ግን በውሰት ይሂድ። ያልተገኘውም ቢሆን በተቀጠረው ቀን «አልተገኘም» የሚል መልስ ለጠያቂው ይድረሰው፣ ሌላ መንገድ ይፈልግ ዘንድ።