የሺካጎ ጉበት

በጥንታዊት ግብፅ፣ በሳቃራ መቃብሮች ግድግዳ ላይ፣ ሰዎች የዝይ አንገት ይዘው በጉሮሮዋ ምግብ ሲያስገቡ የሚያሳይ ቅርጽ ተቀርጾ ይታያል። ፈረንሳዮች «ፎዋ ግራ» የሚሉት የሰባ ጉበት ታሪክ ከዚያ ይጀምራል። ዛሬ ሥራው በአብዛኛው በዳክዬ ላይ ነው፤ ከመታረዱ በፊት ባሉት ሳምንታት ቱቦ በጉሮሮው እየገባ በቆሎ ይሞላበታል፤ ጉበቱም ከተፈጥሮ መጠኑ እስከ አሥር እጥፍ ያብጣል። ሙክት ማድለብ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ ላይመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሙክቱ የሚበላው ወድዶ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት ሕጎች ፊትና ኋላ ሆነው ወጡ። በጃንዋሪ ፈረንሳይ ፎዋ ግራን የባህልና የምግብ ቅርሷ አድርጋ ደነገገች። ኤፕሪል 26 ቀን ደግሞ የሺካጎ ከተማ ምክር ቤት፣ በአባሉ በጆ ሙር አመንጪነት፣ 48 ለ1 በሆነ ድምፅ ሽያጩን ከለከለ። ከንቲባው ሪቻርድ ዴሊ ምክር ቤቱ ካወጣቸው ሕጎች ሁሉ ቂሉ ይህ ነው ብለው አፌዙበት።

ከተሜውም አልተመለሰም። እገዳው በሥራ ላይ በዋለበት በኦገስት 22 ቀን ፎዋ ግራ ሸጦ የማያውቅ ፒዛ ቤት ሳይቀር በእልህ አቀረበው። ሕጉ መሸጥን እንጂ መስጠትን ስላልከለከለ፣ አንዳንዱ ጉበቱን «በነጻ» እያቀረበ ዋጋውን በሰላጣው ላይ ይጭን ነበር። በ2007 የመጀመሪያውን ቅጣት፣ 250 ዶላር፣ የከፈለው ቅንጡ ምግብ ቤት ሳይሆን ዳግ ሶን የተባለ የሆት ዶግ ሻጭ ነው። ሜይ 14 ቀን 2008 ምክር ቤቱ 37 ለ6 በሆነ ድምፅ እገዳውን ሻረ፤ ሙር ክርክር ይፈቀድልኝ እያሉ ቢጮኹም ሰብሳቢው ዴሊ አልሰሟቸውም።

ከተማ ከዚህ የባሰ ችግር እያለባት ስለ ዳክዬ ትጨነቃለች ወይ የሚለው ሙግት፣ ለእኔ፣ ደካማ ነው፤ የባሰ ችግር የሌለበት ዘመን መቼ ነበር? የሺካጎ ሕግ ድካሙ ሌላ ነው። ዳክዬዎቹ የሚቀለቡት በኒውዮርክና በካሊፎርንያ ነበርና፣ ሕጉ የደረሰው ገበታው ላይ እንጂ በረቱ ላይ አልነበረም።

ካሊፎርንያ በ2004 ባወጣችው ሕግ ማድለቡንም መሸጡንም ከለከለች፤ በ2012 ሥራ ላይ ሲውል በግዛቲቱ የነበረው የሶኖማ እርባታ ተዘጋ። ሙግቱ ግን ቀጠለ፤ በ2020 አንድ የፌደራል ዳኛ ነዋሪው ጉበቱን ከሌላ ግዛት ገዝቶ ወደ ቤቱ ማስላክ እንደሚችል ወሰኑ።